የከርሰ ምድር ውኃን በምን እንለካ? ለሰሜን ሸዋ የመሣሪያ መምረጫ

ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ብዙ ነገር ይመዘገባል። የተቆፈረው ጥልቀት፣ የገባው ኬዚንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘው ቱቦ)፣ በፓምፕ ሙከራው በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሰጠ፣ ውኃው ከመሬት ስንት ሜትር ዝቅ ብሎ እንደተገኘ ሁሉም በርክክቡ ሪፖርት ይሰፍራል። ችግሩ ከርክክቡ በኋላ ነው። ፓምፑ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የውኃው ደረጃ በየዓመቱ ምን እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ያለው ጉድጓድ ጥቂት ነው። ፓምፑ አየር መሳብ ሲጀምር፣ ወይም ቦኖው ላይ አንድ ጄሪካን ለመሙላት ከወትሮው እጥፍ ጊዜ ሲፈጅ ነው ጥያቄው የሚነሣው፦ ውኃው ወረደ ወይስ ፓምፑ ደከመ? ያለ መዝገብ ይህን መመለስ አይቻልም። መልሱ ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ ጤነኛ ፓምፕ ይቀየራል፣ ወይም ውኃው እየሸሸ ባለበት ቦታ ሌላ ጉድጓድ ይቆፈራል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆኑ ዲጂታል መለኪያዎች ዛሬ በብዙ ዓይነት ይሸጣሉ። ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ በየሰዓቱ የሚለካ አለ፤ ልኩን በሲም ካርድ የሚልክ አለ፤ የእጅ ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደተነቀነቀ የሚቆጥር አለ፤ ከጠፈር የሚያይም አለ። ይህን የምጽፈው የወረዳ ውኃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ የከተማ ውኃ አገልግሎት ኃላፊ ወይም የመስኖ ማኅበር ሰብሳቢ ሆኖ፣ ያለችውን ገንዘብ በየትኛው ላይ ላውላት ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ለአብዛኛው ሰሜን ሸዋ መጀመሪያ መገዛት ያለበት ጥሩ ዲፕ ሜትር (ውኃ ሲነካ የሚጮኽ የመለኪያ ገመድ) እና የውኃ ቆጣሪ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ፓምፕ በሌለባቸው የተመረጡ ጉድጓዶች የሚንጠለጠል ዳታ ሎገር (ደረጃውን በራሱ እየለካ የሚያስቀምጥ መሣሪያ) ነው። ልኩን በኔትወርክ የሚልከው መሣሪያ ዋጋውን የሚያወጣው ብዙ ውኃ በሚሳብበት ቦታ፣ ለምሳሌ በሸዋ ሮቢት ሸለቆ የመስኖ ጉድጓዶች ዙሪያና ለደብረ ብርሃን ከተማ ውኃ በሚያቀርቡት ጉድጓዶች ላይ ነው። ሳተላይት የአንድን ቀበሌ ጉድጓድ አያይም።

መጀመሪያ መሬቱን መለየት

የአማራ ክልሉ ሰሜን ሸዋ በአስተዳደር አንድ ዞን ይሁን እንጂ በውኃ በኩል ሁለት ነው። ከታርማበር አናት በስተምዕራብ የሚዘንበው በበሬሳና በሌሎቹ ወንዞች አድርጎ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ አባይ ይገባል። በስተምሥራቅ የሚወርደው በሮቢ፣ በጀውሃ፣ በአታዬ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ በከሰም በኩል አዋሽን ይቀላቀላል። ስለዚህ የባሶና ወራናና የቀወት ወረዳዎች ሪፖርታቸውን ለአንድ ዞን መምሪያ ቢልኩም ውኃቸው የሚቆጠረው በሁለት የተለያዩ ተፋሰሶች ነው። የጀማን ተፋሰስ ደግሞ በፍቼ በኩል ያለው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋም ይጋራዋል።

ለመሣሪያ ምርጫ ከዚህ የበለጠ ወሳኙ የድንጋዩ ጉዳይ ነው። በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ፣ በሞረትና ጅሩ አምባ ላይ ውኃው የሚገኘው በጥቁር ድንጋይ ስንጥቅና በበሰበሰው የድንጋይ ንብርብር ውስጥ ነው። አንዱ ጉድጓድ ብዙ ውኃ ሲሰጥ ብዙም ሳይርቅ የተቆፈረው ደረቅ ሊሆን ይችላል። በሸዋ ሮቢት ሸለቆ ግን ከተራራው ለዘመናት ታጥቦ የተከማቸ ጠጠርና አሸዋ አለ። እዚያ ውኃው የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ገበሬ ሲስብ የጎረቤቱ ጉድጓድ ይሰማዋል።

ይህ ልዩነት ገንዘቡን የት እንደምናፈስ ይወስናል። በሸለቆው በጥሩ ቦታ የተቀመጠ አንድ መለኪያ ስለ ሰፊ አካባቢ ይናገራል፤ ውድ መሣሪያ ቢገባበት አያስቆጭም። በአምባው ላይ አንድ ውድ መለኪያ የሚነግረን ስለዚያው ስንጥቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። እዚያ የሚበጀው በዓመት ጥቂት ጊዜ በብዙ ጉድጓዶች በእጅ መለካት ነው። ከአንኮበር እስከ መንዝ ባለው ገደላማ አገር ብዙ ሰው የሚጠጣው ከምንጭ ስለሆነ ደግሞ ለእነዚያ ቀበሌዎች የጉድጓድ ሎገር ከነጭራሹ አያስፈልግም። የታወቀ መጠን ያለው ባልዲና የሰዓት መቁጠሪያ ያለው ስልክ ይበቃል፤ በየወሩ አንድ ቀን ባልዲው በስንት ሰከንድ እንደሞላ መመዝገብ ነው።

ዲፕ ሜትር

ዲፕ ሜትር በሚሊ ሜትር ምልክት የተደረገበት ረጅም ጠፍጣፋ ገመድ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ብረት ውኃ ሲነካ ኤሌክትሪኩ ይገናኝና ጥቅልሉ ላይ ያለው ደወል ይጮኻል። ኔትወርክ አይፈልግም፤ ባትሪው ከማንኛውም ሱቅ ይገኛል። ዋጋው እንደ ርዝመቱ ቢለያይም በጥቂት መቶ ዶላር የሚገዛ ነው። (የብር ዋጋ አልጠቅስም፤ ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ።) ከሁሉ በላይ በአንድ ዲፕ ሜትር የወረዳውን ጉድጓዶች ሁሉ መዞር ይቻላል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ኬዚንጉ ከንፈር ላይ በቀለም ወይም በመጋዝ ምልክት ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ይምጣ ማን ልኩ የሚነበበው ከዚያች ነጥብ ብቻ ነው። ገመዱ ይወርዳል፣ ሲጮኽ ትንሽ ከፍ ይደረጋል፣ ዝም ሲል እንደገና ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። በጮኸባት ቅጽበት ገመዱን በአውራ ጣት ጥፍር ምልክቷ ላይ ይዞ ማንበብ ነው። 3 ጊዜ ተደጋግሞ ልኮቹ በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ካልተስማሙ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ስንጥቅ እየተንጠባጠበ የሚወርድ ውኃ ብረቱን አስቀድሞ ነክቶት ይሆናል።

ትልቁ መሰናክል መሣሪያው አይደለም። ብዙ ጉድጓዶች አፋቸው በብረት ሳህን ተበይዶ ስለሚዘጋ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ የላቸውም። ቀዳዳ ያላቸውም ቢሆኑ ገመዱ ከፓምፑ ቱቦና ከኤሌክትሪክ ሽቦው ጋር ይጠላለፍና እዚያው ይቀራል። መፍትሔው ፓምፑ ሲወርድ አብሮት 1 ኢንች የፕላስቲክ ቱቦ እስከ ፓምፑ አናት አካባቢ ማውረድ ነው። ይህ ቱቦ ከጉድጓዱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ነገር ግን የቁፋሮ ውል ውስጥ ካልተጻፈ ማንም አያስገባውም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ወስዳችሁ ብትሠሩበት ይህችን መስመር በሚቀጥለው ውል ላይ ጻፏት። ሎገርም ሆነ ሌላ መሣሪያ ወደፊት የሚገባው በዚያችው ቱቦ ነው።

የዲፕ ሜትር ድክመት ሰው መፈለጉ ነው። በዓመት 2 ጊዜ ቢለካ እንኳ ወቅቱ ከተጠበቀ ብዙ ይናገራል፦ አንዱ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦት መጨረሻ፣ ውኃው በጣም በወረደበት፤ ሌላው በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት፣ ዝናቡ ሰርጎ ከፍ ባለበት። የበልግ ዝናብ በሚያገኙት የመንዝና የምሥራቅ ገደላማ ወረዳዎች በየካቲት አንድ ልኬት መጨመር ይጠቅማል። በዓለም ላይ ከፍተኛውን የከርሰ ምድር ውኃ የምትስበው ሕንድ ከ20,000 በላይ ጉድጓዶቿን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለችው በዋናነት በዓመት 4 ጊዜ በእጅ እየለካች ነው። ዲጂታል መለኪያ የጨመረችው በዚያ መዝገብ ላይ ነው።

ሰውየው የግድ ባለ ዲግሪ መሆን የለበትም። በጎጃም ዳንግላ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ገበሬዎች ራሳቸው ዝናብን፣ የወንዝ ከፍታንና የጉድጓድ ውኃን ሲለኩ፣ መዝገባቸው በተመራማሪዎች ተፈትሾ ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር የሚወዳደር ጥራት እንዳለው ታይቷል። የእኛም የፓምፕ ኦፕሬተሮችና የውኃ ኮሚቴ አባላት ይህን ይሠራሉ። ግን የድካም ክፍያና በየጊዜው "ልክህ ደርሶኛል" የሚላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ቁጥሩ የትም እንደማይደርስ ያወቀ ሰው በሦስተኛው ወር መለካቱን ያቆማል፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

ዳታ ሎገር

ሎገር እንደ ወፍራም እስክሪብቶ ያለ የብረት መለኪያ ነው። ከውኃው በታች በማይዝግ ሽቦ ተንጠልጥሎ በላዩ ያለውን የውኃ ክብደት በግፊት ይለካል፣ በውስጡም ያስቀምጣል። በየሰዓቱ ቢለካ በዓመት 8,760 ልኬት ይሆናል፤ 40,000 ልኬት የሚይዝ ማስታወሻ ያለው ከ4 ዓመት በላይ ይሠራል ማለት ነው። አንዱ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል፤ ባትሪው በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆያል፤ በብዙዎቹ ግን ባትሪው ስለማይቀየር ሲያልቅ መሣሪያውም አብሮ ያልቃል።

ከዲፕ ሜትር የሚበልጥበት ነገር ቢኖር በሁለት ጉብኝቶች መካከል የሆነውን ማሳየቱ ነው። ከባድ ዝናብ ከጣለ በስንት ቀን ውኃው እንደተነሣ፣ ጎረቤት ጉድጓድ ሲስብ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ፣ ማታ ፓምፖች ሲያርፉ ተመልሶ ስንት እንደሞላ ይታያል። በሸዋ ሮቢት ቀይ ሽንኩርት በሚጠጣበት የበጋ ወራት ይህ ሌሊቱን ተመልሶ የሚሞላው መጠን ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ መምጣቱ ጉድጓዶቹ ከአቅም በላይ እየተሳቡ ለመሆኑ የመጀመሪያው ምልክት ነው።

ስትገዙ ሦስት ነገር ተመልከቱ። የመጀመሪያው የመለኪያው ስፋት ነው። ብዙ መሣሪያዎች የስሕተታቸው መጠን ከሙሉ ስፋታቸው 0.05 ወይም 0.1 በመቶ ነው ይባላል። 20 ሜትር የሚለካው ቢበዛ በ2 ሳንቲ ሜትር ሲሳሳት 100 ሜትር የሚለካው እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሳሳታል። "ትልቁን ስጡን" ማለት እዚህ ላይ ኪሳራ ነው። ውኃው በክረምትና በበጋ መካከል በ6 ሜትር የሚለዋወጥ ከሆነ ባለ 20 ሜትሩ ከበቂ በላይ ነው። ፓምፕ ባለበት ጉድጓድ ግን ደረጃው በብዙ ሜትር ስለሚወርድ ሰፊው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የማስተካከያ ልኬት ነው። ሎገር ያለ ዲፕ ሜትር አይታመንም። ለምሳሌ ሎገሩ ከኬዚንጉ ከንፈር 48.00 ሜትር ላይ ተንጠልጥሏል እንበል። በላዬ 12.40 ሜትር ውኃ አለ ካለ፣ የውኃው ወለል 35.60 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። በዚያው ሰዓት በዲፕ ሜትር ሲለካ 35.52 ቢገኝ የ8 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለ። በሚቀጥለው ጉብኝትም ልዩነቱ ያው 8 ከሆነ የሽቦው ርዝመት በትክክል አልተለካም ማለት ነውና በቀላሉ ይታረማል። 8 የነበረው 15፣ ከዚያ 23 እየሆነ ከሄደ ግን ወይ ሽቦው እየተንሸራተተ ነው፣ ወይ መለኪያው እየተበላሸ ነው።

ሦስተኛው የአየር ግፊት ጉዳይ ሲሆን ለሰሜን ሸዋ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

የታርማበር ቁልቁለት በመለኪያው ላይ የሚያመጣው ጣጣ

ውኃ ውስጥ ያለ መለኪያ የሚሰማው የውኃውን ክብደት ብቻ አይደለም፤ በውኃው ላይ የተጫነው አየርም ይከብደዋል። ስለዚህ የአየሩ ግፊት ተቀናሽ መሆን አለበት። ይህ የሚሆንበት ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ውስጡ ቀጭን የአየር መተንፈሻ ያለው ገመድ ነው። መተንፈሻው አየሩን ከላይ እስከ መለኪያው ስለሚያደርስ ግፊቱ ራሱ ይጣፋል፤ ስሌት አያስፈልግም። ነገር ግን በዚያ ቱቦ እርጥበት ከገባ መለኪያው ይበላሻል፤ ለዚህ ነው አናቱ ላይ እርጥበት የሚመጥ ኬሚካል የሚደረግበትና በየጊዜው የሚቀየረው። በታርማበርና በአንኮበር ጉም ሳይገፈፍ በሚውልባቸው ወራት ይህ ኬሚካል ቶሎ ይጠግባል። በየጥቂት ወሩ ሄዶ የሚቀይር ሰው ከሌለ ይህን ዓይነት አትግዙ።

ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ የታሸገው ነው። ይህ ጠንካራና ርካሽ ነው፤ ግን የአየር ግፊቱን ብቻ የሚለካ ሌላ መለኪያ ከመሬት በላይ ይፈልጋል፣ የአንዱ ልክም ከሌላው ይቀነሳል። አምራቾች በተለምዶ አንድ የአየር መለኪያ በ30 ኪሎ ሜትር ዙሪያና ከ300 ሜትር በማይበልጥ የከፍታ ልዩነት ውስጥ ላሉ ጉድጓዶች ይበቃል ይላሉ። ሜዳማ አገር ላይ ይህ ችግር የለውም። እኛ ጋ ግን ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት ወደ 1.5 ሜትር የሚደርስ የውኃ ዓምድ ያህላል። የደብረ ብርሃኑን የአየር መለኪያ ወስዶ የሸዋ ሮቢትን ጉድጓድ የሚያሰላ ሰው ከዓመታት የውኃ መውረድ የሚበልጥ ስሕተት ገና ሲጀምር ያስገባል። ይህን ቋሚ ልዩነት በዲፕ ሜትር ማረም ቢቻልም አየሩ በቀንና በሌሊት የሚያሳየው ለውጥ በደጋና በቆላ አንድ ስላልሆነ የጥቂት ሳንቲ ሜትር ውዥንብር ይቀራል። ያ ውዥንብር ደግሞ ሌሊት የሚሞላውን ውኃ ለመለየት በምንሞክርበት ልክ ውስጥ ነው የሚወድቀው።

ስለዚህ ለዞኑ የታሸገ ሎገር ለመግዛት ያሰበ መምሪያ ከአንድ በላይ የአየር መለኪያ በበጀቱ ይያዝ። አንዱ ለደብረ ብርሃን አምባ፣ አንዱ ለሸዋ ሮቢት ሸለቆ፣ አንዱ ለምንጃር፣ አንዱም ለመርሐቤቴና ለጀማ በረሃ ቢሆን አይበዛም። ሻጩ "አንድ ይበቃችኋል" ካለ ካርታ አሳዩት።

ልኩን በኔትወርክ የሚልከው

ሎገሩ ከላይ ካለ ሳጥን ጋር ይያያዝና ልኩን በሲም ካርድ፣ በአጭር ርቀት ሬዲዮ ወይም በሳተላይት ይልካል። ዋጋው ከተራው ሎገር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ከግዢው ቀጥሎም በየዓመቱ የሚከፈል አለ።

ብዙ ሰው ይህን የሚመኘው ቢሮ ቁጭ ብሎ ውኃውን "በቀጥታ" ለማየት ነው። የከርሰ ምድር ውኃ ግን በአምባችን ላይ በዝግታ ነው የሚንቀሳቀሰው። በመንዝ ያለ ጉድጓድ የሚያዝያ ልኩን በሰኔ ብናየው የሚበላሽ ውሳኔ የለም። ከዚህ ይልቅ የዚህ መሣሪያ እውነተኛ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ መለኪያው ራሱ የሞተበትን ቀን ያሳውቃል። ተራውን ሎገር አንጠልጥሎ ከ6 ወር በኋላ የሄደ ሰው መሣሪያው በሁለተኛው ሳምንት ቆሞ ቢያገኘው አንድ ሙሉ በጋ ጠፋ ማለት ነው። የሚልከው ግን ዝም ባለ ማግስት ይታወቃል። ሌላው ጥቅሙ የመንገድ ነው። ባለፉት ዓመታት በዞናችን ባለሙያ መስክ መውጣት ያልቻለባቸው ብዙ ወራት ነበሩ። በእነዚያ ወራት ልኩ ሳይቋረጥ የመጣለት አካባቢ ቢያንስ መዝገቡ አይጎድልም።

የከተማ ውኃ አገልግሎት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። ደረጃው ወደ ፓምፑ አፍ ሲጠጋ ፓምፑን የሚያጠፋ ማስጠንቀቂያ ከዚሁ ጋር ከተያያዘ፣ አንድ ሰርጓጅ ፓምፕ ደርቆ ከመቃጠል ማዳኑ ብቻ ወጪውን ሊመልስ ይችላል።

በሲም ካርድ የሚሠራውን ለሚመርጡ ጥቂት የተግባር ነገሮች፦ በሁለተኛውም በአራተኛውም ትውልድ ኔትወርክ የሚሠራ ይሁን። ሲም ካርዱ በባለሙያው ስም ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ ስም ይውጣ፤ ባለሙያው ሲዛወር ቁጥሩ አብሮት እንዳይሄድ። ካርድ ካልተሞላለት ቁጥሩ ይዘጋልና የዓመቱ ወጪ በበጀት ላይ ይታይ። አንዳንዱ መሣሪያ ከውጭ አገር ሲም ጋር ይመጣና በየዓመቱ በዶላር ክፍያ ይጠይቃል፤ ያንን ወረዳ አይችለውም። ኬዚንጉ ብረት ስለሆነ ሲግናል አያሳልፍም፤ አንቴናው ከክዳኑ በላይ መውጣት አለበት። ቢሆንም ጎልቶ የሚታይ ምሰሶና የፀሐይ ፓነል ሌባ ይጠራል፤ በሊቲየም ባትሪ የሚሠራና ክዳኑ ውስጥ የሚደበቀውን እመርጣለሁ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከላከ ባትሪው ለዓመታት ይቆያል።

የአጭር ርቀት ሬዲዮው እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ሜዳማ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ተቀራርበው ላሉበት ያዋጣል፤ አንድ መቀበያ ከፍ ባለ ቦታ ቆሞ በኪሎ ሜትሮች ዙሪያ ያሉትን ይሰበስባል። ለጉድጓዶቹ የሲም ወጪ የለም። ግን የሬዲዮ ሞገድና የመሣሪያው ፈቃድ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጉዳይ ስለሆነ ከግዢ በፊት መጠየቅ ይገባል። በጀማ ሸለቆ ገደል ውስጥ ላሉ ጉድጓዶች ተራ ሎገርና በዓመት ሁለት ጉዞ ይሻላል።

ደረጃውን ስንለካ የሚሳበውን እንዳንረሳ

ደረጃው ወረደ የሚለው ዜና ብቻውን ምን እናድርግ ለሚለው መልስ አይሰጥም። ዝናብ ስላነሰ ነው ወይስ ስለበዛ መሳብ? ይህን የሚለየው ቆጣሪ ነው። በሰከንድ 10 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ 432 ሜትር ኩብ ያወጣል፤ 18 ሰዓት ቢሠራ 648። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ትንሽ ከተማ ፍጆታ ሊሆን ይችላል፤ ቆጣሪ ከሌለ ግን ማንም አያውቀውም። ቆጣሪው የሌለበት ጉድጓድ የኤሌክትሪክ ቢሉ ወይም የጄኔሬተሩ የሰዓት መቁጠሪያ ግምት ይሰጣል። እኔ ብሆን በአንድ ጉድጓድ ላይ ውድ መላኪያ ከማደርግ በአካባቢው ያሉ የመስኖ ጉድጓዶችን ሁሉ ቆጣሪ አስገባላቸዋለሁ።

ለእጅ ፓምፕ የሚገጠመው ዳሳሽ ከዚህ ይለያል። የመያዣውን እንቅስቃሴ እየቆጠረ ፓምፑ መሥራቱን ወይም መሰበሩን በስልክ ያሳውቃል። በኬንያ ክዩሶ በተደረገ ሙከራ የተበላሸ ፓምፕ ለመጠገን ይፈጅ የነበረው አማካይ ጊዜ ከ27 ቀን ወደ 3 ቀን ገደማ ወርዷል። ለአገልግሎት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ውኃው ከመሬት በታች የት እንዳለ ግን አይናገርም። እዚያም ቢሆን ጊዜውን ያሳጠረው ተጠባባቂ ጠጋኝ መኖሩ ነው። ጠጋኝና መለዋወጫ በሌለበት ወረዳ ዳሳሹ የሚያመጣው የብልሽት ዜና ብቻ ነው።

ጨዋማነትን የሚለካ ሎገር ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚጠጉት በምንጃርና በበረኸት ቆላዎች ሊታሰብ ይችላል። ፍሎራይድ ግን በላብራቶሪ ነው የሚመረመረው።

ከጠፈር

ግሬስ የተባሉት ጥንድ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2017፣ ተተኪዎቻቸውም ከ2018 ጀምሮ የምድርን ስበት ለውጥ እየለኩ የውኃ ክምችት መጨመርና መቀነስን ያሳያሉ። ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም በአንድ ጊዜ የሚያዩት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለውን መሬት ሲሆን የአፈሩን እርጥበት፣ የሐይቁንና የከርሰ ምድሩን ውኃ ደምረው ነው። የሰሜን ሸዋ ዞን ወደ 16,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ በዚያ ስፋት ውስጥ ይጠፋል። ለአገር አቀፍ ዕቅድ እንጂ ለወረዳ ውሳኔ አይሆንም።

ከጠፈር ለእኛ የሚጠቅሙ ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ቺርፕስ የተባለው መረጃ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ዝናብ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁራጭ ያሳያል፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋፖር ደግሞ ከእርሻ የሚተን ውኃን ይገምታል። የጉድጓዳችንን መዝገብ ከእነዚህ ጎን ስናስቀምጠው ደረጃው የወረደው በድርቅ ይሁን በመስኖ መለየት ይጀምራል።

ቁጥሩ ወዴት ይሄዳል

የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጎ መጠቀሚያን በፈቃድ አስሯል፤ በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ከፈቃዱ ነጻ ናቸው። ፈቃድ ሰጪው በአንድ ሸለቆ ስንት ጉድጓድ ቢፈቀድ ውኃው ይበቃል የሚለውን የሚያውቀው ከደረጃና ከቆጣሪ መዝገብ ብቻ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ለኢትዮጵያ፣ ለኬንያና ለሶማሊያ ያጸደቀው 385 ሚሊዮን ዶላር የያዘው የአፍሪካ ቀንድ የከርሰ ምድር ውኃ ፕሮግራምም ከአገሮቹ የሚፈልገው አንዱ ነገር አስተማማኝ መረጃ ነው። የአገሩ ስሌት የሚሠራው ከወረዳው በሚመጣ ቁጥር ነው። ከወረዳ የተሳሳተ ቁጥር ከመጣ ሚኒስቴር ላይ በኮምፒውተር ስለተሰላ አይስተካከልም።

ስለዚህ ማንኛውም መሣሪያ ቢመረጥ እያንዳንዱ ልኬት የሚከተሉትን ይዞ ይጻፍ፦ የጉድጓዱ የማይቀየር መለያ ቁጥር፣ የጂፒኤስ ቦታና ከፍታ፣ የተለካበት ነጥብ ከመሬት ያለው ቁመት፣ ቀንና ሰዓት ከነዘመን አቆጣጠሩ፣ ፓምፑ ቆሞ ከሆነ ከቆመ ስንት ሰዓት እንደሆነው። የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ ፓምፕ እየሠራ የተለካና 10 ሰዓት አርፎ የተለካ ልኬት ግን በአሥር ሜትሮች ሊለያዩ ይችላሉ። በቴሌግራም ግሩፕ የተላከ ፎቶ ለማስታወስ ጥሩ ነው፤ በዚያው ሳምንት ወደ መዝገቡ ካልገባ ግን ከሌላው መልእክት ጋር ተጨፍልቆ ይቀራል።

ለየትኛው ቦታ የቱ

ለሸዋ ሮቢትና ለአታዬ ሸለቆዎች፦ ከመስኖ ጉድጓዶቹ መካከል ፓምፕ በማይገባበት አንድ ወይም ሁለት ጉድጓድ የሚልክ ሎገር፣ በየመስኖ ጉድጓዱ ቆጣሪ። ውኃው የጋራ ስለሆነ ልኩ ለማኅበሩ አባላት በየወሩ በስብሰባ ይነበብ፤ ከቢሮ ትእዛዝ ይልቅ የራሳቸው ጉድጓድ ሲወርድ ማየታቸው የሰዓት ድልድሉን ያስማማል።

ለደብረ ብርሃን፦ ከተማው በፋብሪካም በሕዝብም እያደገ ነው። ለከተማው በሚስቡት ጉድጓዶች ላይ ዲፕ ሜትር የሚወርድበት ቱቦ፣ ቆጣሪና መላኪያ፤ ከእነሱ ወጣ ባለ አንድ የማይሳብ ጉድጓድ ደግሞ ተራ ሎገር። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው የሚያሳየው የፓምፑን ውሎ ብቻ ነው።

ለመንዝ፣ ለሞረትና ጅሩ፣ ለእንሳሮ፣ ለመርሐቤቴ፦ አንድ ዲፕ ሜትር በወረዳ፣ ለምንጮች ባልዲና ሰዓት፣ የሠለጠነና የሚከፈለው ሰው። ገንዘብ ከተረፈ አንድ ታሽጎ የሚንጠለጠል ሎገር ከነአየር መለኪያው።

ለምንጃርና ሸንኮራ፦ እንደ ሸዋ ሮቢት ነው፣ የውኃ ጥራት ምርመራ ተጨምሮበት።

ውል ስትፈርሙ ደግሞ መረጃው የመሥሪያ ቤታችሁ መሆኑን፣ በማንኛውም የሰንጠረዥ ፕሮግራም የሚከፈት ሆኖ ያለ ክፍያ መውጣት እንደሚችል፣ የማንበቢያ ገመዱና ሶፍትዌሩ ከመሣሪያው ጋር እንደሚመጡ፣ አቅራቢው በሁለት ወቅቶች፣ አንዴ በግንቦት አንዴ በጥቅምት፣ ተገኝቶ ልኩን በዲፕ ሜትር እንደሚያረጋግጥ አስጽፉ። የመጨረሻው ክፍያ ከጥቅምቱ ማረጋገጫ በፊት አይለቀቅ።